በአክሰስ ዳታቤዝ ተደጋጋሚ ሥራን በጊዜ ልዩነት ማሠራት፤ በደሴና በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች ልምድ ላይ የተመሠረተ ዝርዝር መመሪያ

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር ያሉ ብዙ መድኃኒት ቤቶች ዕቃቸውን የሚመዘግቡት በማይክሮሶፍት አክሰስ በተሠራ ትንሽ ዳታቤዝ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ ሳይጠየቁ ግን ምንም አይሉም። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ሳምንት የቀረው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ እያለ፣ ሪፖርቱን የሚከፍት ሰው ካልተገኘ ዳታቤዙ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ መመሪያ ዳታቤዙ ራሱ በየተወሰነ ጊዜ እየተነሣ ሥራውን እንዲሠራ እንዴት እንደሚደረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። ምሳሌዬ የመድኃኒት ቤት ይሁን እንጂ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ወይም የእህል ወፍጮ ያለው ሰውም ያንኑ መንገድ ሊከተል ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ራሴ የፈጸምኩትን ስህተት መናገር አለብኝ፤ የመመሪያው አካሄድ በሙሉ ከእሱ የተገኘ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ መድኃኒት ቤት በቀን አንድ ጊዜ የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያን የሚፈትሽ ሥራ አዘጋጀሁ። አክሰስ ጊዜን የሚቆጥረው በሺኛ ሰከንድ ስለሆነ 24 ሰዓትን ወደ 86,400,000 ቀይሬ በፎርሙ (በዳታቤዙ የመሥሪያ መስኮት) ላይ ጻፍኩና ሥራው ተጠናቀቀ ብዬ ሄድኩ። ቤቱ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 2 ሰዓት የሚዘጋ ነበር። ኮምፒውተሩ ማታ ሲጠፋ ቆጠራው ይቋረጣል፤ በማግስቱ ሲበራ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ቆጠራው አንድም ቀን 24 ሰዓት ሊሞላ ስላልቻለ ፍተሻው አንድም ጊዜ አልሠራም። ይህ የታወቀው ከመደርደሪያው ጀርባ ጊዜው ያለፈበት ሙሉ ካርቶን የልጆች አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሲገኝ ነው። ሽሮፑ ለማንም ሳይሸጥ በመገኘቱ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር አንድ ነው። የፎርሙ ሰዓት ቆጣሪ፣ ማለትም ታይመሩ፣ ሥራው መቼ እንደሚሠራ እንዲወስን አይደረግም፤ ታይመሩ በየደቂቃው ይቀሰቅሳል እንጂ አይወስንም። ውሳኔው የሚገኘው በሠንጠረዥ ውስጥ ከተጻፈ ቀንና ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ለሦስት ቀን ቢዘጋ፣ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ዳግም ቢጀምር፣ በሠንጠረዡ የተጻፈው አይጠፋም።

ስለ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ። የፕሮግራሙን ትእዛዞች በፊደላችን የጻፍኳቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገቧቸው በላቲን ፊደል ይሆናል። የሠንጠረዥ፣ የዓምድና የኩዌሪ (ሠንጠረዥን የሚጠይቅ ወይም የሚለውጥ የተቀመጠ ትእዛዝ) ስሞችን ግን በቀጥታ በአማርኛ መስጠት ይቻላል፤ አክሰስ ዩኒኮድን ስለሚቀበል ችግር አይፈጥርም። የማይቀበለው የቪዥዋል ቤዚክ ኮድ መጻፊያው መስኮት ነው፤ እዚያ ውስጥ የአማርኛ ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በዚህም ምክንያት፣ ኮድ መጻፍ ለማይወድም ሰው ስለሚቀል፣ ይህን መመሪያ ከኮድ ይልቅ በኩዌሪና በማክሮ (ከዝርዝር እየተመረጡ በተራ በሚደረደሩ ትእዛዞች) አዘጋጅቼዋለሁ።

የተግባራት ሠንጠረዥ

ዳታቤዙን ይክፈቱና "ተግባራት" የሚባል አዲስ ሠንጠረዥ ይፍጠሩ። ዓምዶቹ አምስት ናቸው። "ስም" የጽሑፍ ዓይነት ሲሆን ዋና ቁልፍ (የማይደገም የረድፍ መለያ) ይሁን፤ "ልዩነት" ቁጥር ሲሆን በደቂቃ ይመዘገብበታል፤ "ቀጣይ ጊዜ" እና "የተሠራበት" ሁለቱም የቀንና የሰዓት ዓይነት ናቸው፤ "ይሥራ" ደግሞ አዎን ወይም አይ የሚል ዓይነት ነው። የመጨረሻው ዓምድ አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቆጠራ በሚደረግበት ቀን ወይም ዳታቤዙ በሚጠገንበት ጊዜ አንድን ሥራ ምልክቱን በማንሣት ብቻ ማቆም የሚቻልበት መንገድ እሱ ነው።

በሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ያስገቡ። ስሙ "የማብቂያ ፍተሻ"፣ ልዩነቱ 60፣ ቀጣይ ጊዜው የዛሬው ቀንና አሁን ያለው ሰዓት፣ "ይሥራ" የሚለው ላይ ምልክት ይደረግበት። "የተሠራበት" ባዶ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት አቆጣጠራችን መናገር ግድ ይላል፤ በዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ስህተት ብዙ ነውና። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእሱ 8 ሰዓት ነው፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20 ሰዓት ነው። "ቀጣይ ጊዜ" ላይ 2 ብለው ቢጽፉ ሥራው የሚደርሰው ሰው ሁሉ በተኛበት፣ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማስተካከል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ እንዳያደርጉት። ሰዓቱ ሲዛባ ኢንተርኔቱም ጸረ ቫይረሱም ይታወካል። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ላይ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ አዲስ አበባም ደሴም በዚያው ክልል ውስጥ ናቸው።

ለሠራተኞቹ ግን ሰዓቱን በለመዱት መልክ ማሳየት ይቻላል። አክሰስ ቀንና ሰዓትን የሚያስቀምጠው በቁጥር ሲሆን አንድ ሙሉ ቀን 1 ነው፤ ስለዚህ 6 ሰዓት 0.25 ይሆናል። በማሳያ ኩዌሪ ላይ "ቀጣይ ጊዜ" ከሚለው 0.25 የሚቀንስ ዓምድ ጨምረው ቅርጹን ባለ 12 ሰዓት ቢያደርጉት፣ 8 ሰዓት የነበረው 2 ሆኖ ይታያል፤ ኤ ኤም የሚለው ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ቀን፣ ፒ ኤም የሚለው ደግሞ ሌሊቱን ይወክላል። ቀኑም ከንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚለወጥ ከእኛ ቀን አቆጣጠር ጋር ይስማማል። ይህ ለማሳያ ብቻ ነው፤ የተቀነሰው ሰዓት ተመልሶ ወደ ሠንጠረዡ መግባት የለበትም።

ሥራውን የሚሠሩት ኩዌሪዎች

ሦስት ኩዌሪዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው "ጊዜው የደረሰ" የሚባል ተራ ምርጫ ኩዌሪ ነው። ከ"ተግባራት" ሠንጠረዥ "ስም"ን፣ "ቀጣይ ጊዜ"ን እና "ይሥራ"ን ይውሰዱ። በ"ቀጣይ ጊዜ" መስፈርት ላይ የአሁኑን ቀንና ሰዓት የሚሰጠውን ናው የተባለ ፋንክሽን ተጠቅመው "ከናው ያነሰ ወይም እኩል" የሚለውን ያስገቡ፤ በ"ይሥራ" መስፈርት ላይ ትሩ ይበሉ። "እኩል" ብቻ የሚል መስፈርት አይጠቀሙ። ሰከንዱ በትክክል ሊገጣጠም ስለማይችል ሥራው ሳይደርስ ያልፋል። ይህ ኩዌሪ ሲከፈት የሚታየው ዝርዝር አሁኑኑ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።

ሁለተኛው እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ሲሆን "ማስጠንቀቂያ መዝግብ" እንበለው። በመድኃኒቶች ሠንጠረዥ ውስጥ የማብቂያ ቀናቸው ከዛሬ ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ የሆኑትን፣ ያለፈባቸውንም ጨምሮ፣ በእጅ ያለ መጠናቸው ከዜሮ የሚበልጠውን እየለየ ወደ "ማስጠንቀቂያ" ሠንጠረዥ የሚጨምር አፔንድ ኩዌሪ ነው። የ90 ቀኑን ገደብ የቤቱ ባለቤት ይወስን፤ ለአከፋፋይ መመለስ የሚችል ቤት ረዘም ያለ ጊዜ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

በዚህ ኩዌሪ ላይ ትልቅ ትኩረት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ተደጋጋሚ ሥራ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ይደጋገማል። ዛሬ በ3 ሰዓት የተመዘገበው ባች (በአንድ ላይ የተመረተ መድኃኒት) በ4 ሰዓትም፣ በ5 ሰዓትም እየተመዘገበ ከሄደ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ማስጠንቀቂያው በመቶ የሚቆጠር ረድፍ ይሆንና ማንም አያነበውም። ስለዚህ በ"ማስጠንቀቂያ" ሠንጠረዥ ላይ የመድኃኒቱን መለያና የባች ቁጥሩን አንድ ላይ ያካተተ፣ መደገምን የማይፈቅድ ኢንዴክስ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ኩዌሪው ሺ ጊዜ ቢሮጥ አንድ ባች የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራ ሁለቴ ቢሠራም አንዴ እንደተሠራ መቆጠር ከቻለ የቀረው ነገር ሁሉ ይቀላል፤ መብራት በሥራው መሐል ቢጠፋ እንኳ ዳግም ማሠራት አያስፈራም።

ሦስተኛው "ቀጣዩን ቀጥር" የሚባል አፕዴት ኩዌሪ ነው። "የተሠራበት" የሚለውን ናው ያደርገዋል፤ "ቀጣይ ጊዜ" የሚለውን ደግሞ ዴትአድ በተባለው ፋንክሽን ከናው ላይ በ"ልዩነት" ያህል ደቂቃ ወደፊት ይገፋዋል። መስፈርቱ ስሙ "የማብቂያ ፍተሻ" የሆነው ረድፍ ብቻ እንዲሆን ይደረግ። ዴትአድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የጊዜውን ዓይነት በፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደቂቃን የሚወክለው ኤን ነው፤ ኤም የሚወክለው ወርን ነው። ኤን መጻፍ ሲገባ ኤም ከተጻፈ 60 ደቂቃ የነበረው 60 ወር ይሆናል፤ ሥራው አንዴ ይሠራና ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት ስለማይወጣ፣ ኩዌሪውን አንዴ አሂደው ሠንጠረዡን በዓይንዎ ይመልከቱ።

ቀጣዩን ጊዜ ከናው ተነሥቶ መቁጠር ወይስ ቀድሞ ከነበረው "ቀጣይ ጊዜ" ተነሥቶ መቁጠር ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሊታሰብበት ይገባል። ከቀድሞው ቢቆጠር ሰዓቱ ሳይሸራረፍ ይቆያል፤ ነገር ግን መድኃኒት ቤቱ ለበዓል ሁለት ቀን ተዘግቶ ሲከፈት ያለፉትን ሰዓቶች ሁሉ ለማካካስ ሥራው በየደቂቃው ይደጋገማል። ከናው ቢቆጠር ሰዓቱ በትንሹ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ሆኖም ከመዘጋት በኋላ አንዴ ብቻ ይሠራል። እኔ ለፍተሻ ሥራዎች ሁልጊዜ ናውን እመርጣለሁ።

በተወሰነ ሰዓት መሠራት ላለበት ግን ሌላ መንገድ አለ። ክትባትና ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መሆኑን ጠዋትና ማታ አንብቦ መመዝገብ የተለመደ አሠራር ነው። ለዚህ የሚበጀው ሰዓት መቁጠር ሳይሆን መዝገቡን ራሱን መጠየቅ ነው፤ "በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ከ8 ሰዓት አልፏል፣ የዛሬ ጠዋት ንባብ ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም" የሚል ኩዌሪ ይሠራና ባዶ ካልሆነ የማስታወሻ ፎርም ይከፈታል። ሠራተኛዋ ንባቡን ስትመዘግብ ኩዌሪው ባዶ ይሆንና ማስታወሻው በራሱ ይቆማል። ማስታወሻው በየደቂቃው እየወጣ ሥራ እንዳያውክ ደግሞ "ተግባራት" ላይ 15 ደቂቃ ልዩነት ያለው የራሱ ረድፍ ይኑረው።

ቀስቃሹ ፎርም

አሁን ባዶ ፎርም ይፍጠሩና "ቀስቃሽ" ብለው ያስቀምጡት። ከየትኛውም ሠንጠረዥ ጋር አይገናኝ። በዲዛይን ቪው ከፍተው ኤፍ 4ን ሲጫኑ ፕሮፐርቲ ሺት ይመጣል፤ ኢቨንት የሚለውን ክፍል ይምረጡና ወደ ታች ይውረዱ። ኦን ታይመር እና ታይመር ኢንተርቫል የሚሉ ሁለት መስመሮች ያገኛሉ። ታይመር ኢንተርቫል መነሻው 0 ነው፤ 0 ማለት ታይመሩ አይሠራም ማለት ነው። 60000 ብለው ያለ ኮማ ይጻፉ፤ ይህ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚህ ማነስ የለበትም ባይባልም፣ በሰዓት አንዴ ለሚሠራ ሥራ በየሰከንዱ መቀስቀስ ኮምፒውተሩንም ኔትወርኩንም በከንቱ ማድከም ነው።

ከኦን ታይመር መስመር ጎን ያለችውን ሦስት ነጥብ ያላት ቁልፍ ተጭነው ማክሮ ቢልደርን ይምረጡ። ሴትዋርኒንግስ የሚባለው ተግባር በዝርዝሩ ውስጥ እንዲታይ ሾው ኦል አክሽንስ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ከዚያ ማክሮውን በዚህ ቅደም ተከተል ይገንቡ። በመጀመሪያ ኦን ኤረር የሚለውን ተግባር ያስገቡና ማክሮ ኔም የሚለውን መርጠው "ስህተት" የሚል ስም ይስጡት። ቀጥሎ ኢፍ ያስገቡ፤ ሁኔታው ዲካውንት በተባለው ፋንክሽን ከ"ጊዜው የደረሰ" ኩዌሪ ውስጥ ስሙ "የማብቂያ ፍተሻ" የሆነው ረድፍ ቁጥር ከ0 ይበልጣል የሚል ነው። በኢፉ ውስጥ ሴትዋርኒንግስን ኖ ያድርጉ፤ ከዚያ ኦፕን ኩዌሪን ሁለት ጊዜ አስገብተው በመጀመሪያው "ማስጠንቀቂያ መዝግብ"ን፣ በሁለተኛው "ቀጣዩን ቀጥር"ን ያስከፍቱ። ኢፉ እዚያ ላይ ያበቃል። በመጨረሻ ከታች "ስህተት" የሚል ሰብማክሮ ጨምረው፣ የተግባሩን ስምና ሰዓቱን ወደ አንድ የስህተት መዝገብ የሚጽፍ ኩዌሪ ያስኪዱበት።

ሴትዋርኒንግስ የሚያስፈልግበት ምክንያት ይህ ነው። አክሰስ አፔንድ ኩዌሪ ሊያሠራ ሲል "ይህን ያህል ረድፍ ልትጨምር ነው፣ ይቀጥል?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ሥራው እዚያው ቆሞ ይቀራል። በማክሮ ውስጥ የተዘጋ ማስጠንቀቂያ ማክሮው ሲያልቅ በራሱ ይመለሳል። በቪዥዋል ቤዚክ የሚሠራ ሰው ግን ራሱ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይጠየቅ ረድፍ የሚሰረዝበት ዳታቤዝ ይዞ ይቀመጣል።

ኦን ኤረር ላይ ኔክስት የሚለውን እንዳይመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ኔክስት ከሆነ ፍተሻው ቢከሽፍም "ቀጣዩን ቀጥር" መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሠንጠረዡም "ተሠርቷል" እያለ ይመዘግባል። ያልተሠራን ሥራ ተሠርቷል የሚል መዝገብ ከመዝገብ አለመኖር ይብሳል። ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ግን ፍተሻው ከከሸፈ ቀጣዩ ጊዜ አይገፋም፤ በሚቀጥለው ደቂቃ እንደገና ይሞከራል፤ የስህተት መዝገቡም ይናገራል።

ፎርሙ እንዲሠራ ክፍት መሆን አለበት፤ መታየት ግን አያስፈልገውም። አውቶኤግዜክ የሚባል ማክሮ ይፍጠሩ። ይህ ስም ብቻ በትክክል በላቲን መጻፍ አለበት፤ አክሰስ ሲከፈት የሚፈልገው ይህንኑ ስም ነው። በውስጡ ኦፕን ፎርም አስገብተው "ቀስቃሽ"ን ይምረጡ፤ ዊንዶው ሞድ የሚለውን ሂደን ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ በተከፈተ ቁጥር ቀስቃሹ ተደብቆ ይነሣል። ለጥገና ሲገቡ ሺፍት ቁልፍን ተጭነው ፋይሉን ከከፈቱ አውቶኤግዜክ አይሠራም፤ ቀስቃሹም አይነሣም። ኮድ የሚጽፉ ከሆነ ይህን መንገድ ይጠቀሙ፤ ታይመር እየሠራ በኮድ መስኮቱ ውስጥ ሲጻፍ ክፍት ቦታዎች እየጠፉ ጽሑፉ ይበላሻል።

ማክሮዎቹ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ካሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፈቃድ ነው። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር በኦፕሽንስ ውስጥ፣ ትረስት ሴንተር በሚለው ስር፣ ትረስትድ ሎኬሽንስ ላይ ይጨምሩ።

ሙከራ

አንድ ሰዓት ቆመው አይጠብቁ። "ተግባራት"ን ይክፈቱ፣ "ቀጣይ ጊዜ"ን ወደ ትናንት ይመልሱ፣ ሠንጠረዡን ይዝጉና አንድ ደቂቃ ይታገሡ። ሲከፍቱት "የተሠራበት" የአሁኑን ሰዓት፣ "ቀጣይ ጊዜ" ደግሞ ከእሱ 60 ደቂቃ የሚርቅ ሰዓት ማሳየት አለባቸው። ቀጥሎ አክሰስን በመደበኛ መንገድ ዘግተው፣ ቀጣዩ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይክፈቱት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሥራው መሠራት አለበት። የእኔ የ24 ሰዓት ቆጠራ የወደቀው በዚህ ፈተና ነበር፤ ያኔ አልፈተንኩትም እንጂ።

የሰዓት ባትሪው የደከመ አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ችግር ያመጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ "ቀጣይ ጊዜ" ሁልጊዜ ገና ያልደረሰ ይሆንና ሥራው ሁሉ ይቆማል። በአውቶኤግዜክ ውስጥ ናው ከ"የተሠራበት" ካነሰ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተበላሽቷል የሚል መልእክት የሚያወጣ አንድ ኢፍ ይጨምሩ። ባትሪው ርካሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን በተሳሳተ ቀን የተቆረጠ ደረሰኝን ጭምር ያመጣል።

ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ሲኖር

ዳታቤዙ ተከፍሎ ሠንጠረዦቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ፎርሞቹ በየካሸሩ ላይ ሲሆኑ፣ ቀስቃሹ በሁሉም ላይ ከገባ አንድ ሥራ በሦስትና በአራት እጅ ይሠራል። መደበኛው መፍትሔ ቀስቃሹን ቀኑን ሙሉ በሚበራው በአንዱ ላይ ብቻ መተው ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ያለው ቢሆን ይመረጣል። ደሴም ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ ያለው ሰው ግን አንዱን የአክሰስ ፋይል በኢንተርኔት ለሁለቱም ማገናኘት የለበትም። ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥ ፋይሉ ይበላሻል። ለየከተማው የየራሱ ዳታቤዝና የየራሱ ቀስቃሽ ይኑረው።

በካሸሩ ፎርም ላይ የዕቃውን መጠን በየጊዜው ለማደስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሪኩዌሪንና ሪፍሬሽን ይለይ። ሪኩዌሪ አዲስ የገቡትን ረድፎች ያመጣል፤ ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ረድፍ ይመልሳል። ካሸሯ ለታካሚ የምትሸጠውን መድኃኒት እየመዘገበች ሳለ ስክሪኑ ወደ ሌላ መድኃኒት ቢዘል ውጤቱ የተሳሳተ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሪፍሬሽ የተለወጡትን ብቻ ያድሳል፣ ቦታም አያስለቅቅም። በሽያጭ ፎርም ላይ ሪኩዌሪን በታይመር እንዳያስገቡ፤ ዝርዝር ብቻ በሚታይበት ፎርም ላይ ያድርጉት።

ወርኃዊ ሥራና የመጠባበቂያ ቅጂ

በእኛ ወር የመጀመሪያ ቀን መሠራት ያለበት ሪፖርት በዴትአድ አይቀጠርም። ዴትአድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው። በየ30 ቀኑ ማድረግም እስከ ነሐሴ ብቻ ይሄድና ጳጉሜን ላይ ይሰናከላል። ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ላይ ሲውል፣ መስከረም 1 ግን አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ላይ ይውላል። ቀላሉ መንገድ የዓመቱን የወር መጀመሪያዎች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በእጅ አስገብቶ፣ ቀጣዩን ጊዜ ከዚያ መውሰድ ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂን ለዚህ ታይመር አይስጡ። ክፍት የሆነን ዳታቤዝ ከውስጡ ሆኖ መቅዳት የተጓደለ ቅጂ ሊያስገኝ ይችላል። ለዚህ የዊንዶውስን ታስክ ስኬጁለር ተጠቅመው፣ ሁሉም ካሸር ከወጣ በኋላ፣ የሠንጠረዦቹን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ እንዲቀዳ ያድርጉ። ከፋይሉ ጎን ኤልኤሲሲዲቢ የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ካለ ገና የከፈተው ሰው ሊኖር ይችላል ማለት ነው። አንድን ማክሮ ከውጭ ማሠራት ሲያስፈልግም፣ በታስክ ስኬጁለር ላይ ከአክሰስና ከዳታቤዙ ፋይል ስም ቀጥሎ ኤክስ የሚለውን ፊደል ከፊቱ ስላሽ (/) አድርጎ፣ ከዚያም የማክሮውን ስም መጻፍ ይበቃል።

በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ሁለት ቦታ ይመልከት። ኮንዲሽንስ በሚለው ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ በመብራት ሲሠራ ብቻ ይጀምር የሚለው ምልክት ከመጀመሪያው ተደርጎበት ይመጣል፤ መብራት በጠፋበት ማታ ላፕቶፑ በባትሪ ቢሠራም ቅጂው አይወሰድም። ምልክቱን ያንሡት። ሴቲንግስ በሚለው ክፍል ውስጥ ደግሞ፣ ያመለጠ ሥራ በተቻለ ፍጥነት ይሠራ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ይህ ከመነሻው ባዶ ነው።

ዳታቤዙ አድጎ ማይኤስኪውኤል ወደሚባለው የዳታቤዝ ሰርቨር የተዛወረ እንደሆነ፣ ሰርቨሩ ኢቨንት የሚባል የራሱ ቀስቃሽ አለው፤ ከ8.0 እትም ጀምሮም ሳይነኩት በርቶ ይመጣል። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ለዚሁ ሥራ ኤጀንት የሚባል አገልግሎት አለው፤ በነፃ በሚገኘው ኤክስፕረስ እትም ውስጥ ግን የለም፤ እዚያ የሚያገለግለው ያው ታስክ ስኬጁለር ነው። በሁለቱም ላይ "ተግባራት" ሠንጠረዥን አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ የተለወጠው ቀስቃሹ ብቻ ነው።